መልስ፦ የፕሮቲን ቅርጽ በኤክስሬይ እንዴት ይታወቃል?

ማይክሮስኮፕ እያለ ክሪስታልና ኤክስሬይ ለምን አስፈለገ፣ ቅርጹን ማወቅስ ስለ ፕሮቲኑ ሥራ ምን ይነግረናል ብለው ጠይቀዋል።

የመጀመሪያው አጭር ነው። በዓይን የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው፤ የተያያዙ አቶሞች የሚራራቁት ግን 0.15 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው)። ብርሃን ከሞገዱ ርዝመት እጅግ ያነሰን ነገር ለይቶ አያሳይም። ለዚህ የሚመጥነው ኤክስሬይ ነው። አንድ ሞለኪውል ብቻውን የሚበትነው ጨረር እጅግ ደካማ በመሆኑም፣ እልፍ አእላፍ ሞለኪውሎች በሥርዓት የተደረደሩበት ክሪስታል ያስፈልጋል።

ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። ኤክስሬዩ በክሪስታሉ ተበትኖ ፊልም ላይ የሚተዋቸው ነጠብጣቦች የጨረሩን ጥንካሬ እንጂ የሞገዶቹን መቅደምና መዘግየት አይናገሩም፤ ያለዚያ ደግሞ የአቶሞቹ ቦታ አይሰላም። ሳይንቲስቱ ማክስ ፐሩትዝ ኬምብሪጅ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሂሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው፣ ብረት ባለበት ፕሮቲን) ላይ ለፍቶ መውጫውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፦ ሜርኩሪ ከሞለኪውሉ ጋር አያይዞ የነጠብጣቦቹን ለውጥ አነጻጸረ። ይህ ትዕግሥት ዛሬም ያስደንቀኛል።

ስለ ፕሮቲኑ ሥራ ግን ክሪስታሉ ራሱ አስቀድሞ ፍንጭ ሰጥቶ ነበር። የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪው ፌሊክስ ሃውሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1938 ኦክስጅን የሌለውን የሂሞግሎቢን ክሪስታል በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ አየር ሲደርሰው ሐምራዊው ባለ ስድስት ማዕዘን ዝርግ ክሪስታል ጠፍቶ ደማቅ ቀይ መርፌዎች ተተኩ። ሞለኪውሉ ቅርጹን ይቀይራል ማለት ነው! ምክንያቱን የአቶሞቹን ቦታ የሚያሳዩት የፐሩትዝ ካርታዎች ገለጡት፦ ሂሞግሎቢን ከተሠራባቸው 4 ሰንሰለቶች አንዱ ኦክስጅን ሲይዝ በውስጡ ያለው ብረት በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ ንቅናቄው ለሌሎቹም ይተርፍና ኦክስጅን መያዝ ይቀልላቸዋል። ደማችን ሳንባ ውስጥ በሚገባ ጭኖ ጡንቻ ዘንድ ሲደርስ የሚያራግፈው በዚህ ምክንያት ነው።