በቆየ ሜዳ ላይ አዲስ ትሪቡን፦ ጥያቄና መልስ

የሊቨርፑል ስታዲየም በአዲስ ትሪቡን መስፋፋቱን አስመልክቶ በጅማ የምንገኝ ደጋፊዎች ላነሣናቸው ጥያቄዎች፣ በሙያቸው ሲቪል መሐንዲስ የሆኑ የማኅበራችን አባል የሚከተለውን መልሰዋል።

ጥያቄ፦ ክለቡ ጨዋታ ሳያቋርጥ እንዴት ሊገነባ ቻለ?

መልስ፦ ከጀርባ በመጀመር ነው። የአንፊልድ ሮድ ትሪቡን ታችኛው ክፍል ተመልካች ማስተናገዱን ሳያቆም፣ ከኋላው መሠረት ተቆፍሮ የብረት ምሰሶዎች ቆሙ፤ የላይኛው ደርብም ከነባሩ በላይ ተዘረጋ። ለዚህ ሲባል በጀርባ የሚያልፈው መንገድ ራሱ አቅጣጫውን እንዲቀይር ተደርጓል። 7,000 ያህል መቀመጫ ተጨምሮ ስታዲየሙ ወደ 61,000 ተመልካች የሚይዝ ሆኗል፤ ለእኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀው የደረጃው አቀማመጥ ነው፤ ምክንያቱም ከላይ የተቀመጠ ሰው ከፊቱ ካለው ሰው ራስ አሻግሮ የቅርቡን የሜዳ መስመር ማየት ስላለበት፣ ደርቡ ከፍ ባለ ቁጥር ተዳፋቱም መጨመር ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ዘገየ?

መልስ፦ ዋናው ተቋራጭ ባኪንግሃም ግሩፕ በአውሮፓውያኑ 2023 በገንዘብ ችግር ስለወደቀ ነው። ክለቡ በሌላ ተቋራጭ ቀጥሎ ሥራውን በ2024 አጠናቀቀ። በእኛም አገር የውል ማስከበሪያና የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና የሚጠየቀው እንዲህ ላለው ቀን ስለሆነ፣ እነዚህን ወረቀቶች እንደ ተራ ፎርማሊቲ የሚያይ የክለብ አመራር ያሰጋኛል።

ጥያቄ፦ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ እንደነበረው ያለ ሕዝብ ቢመጣ፣ በእኛ ከተማ መቀመጫ ይቅደም ወይስ ጣሪያ?

መልስ፦ የውኃ መውረጃው ይቅደም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። 1,000 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 30,000 ሊትር ውኃ ይወርዳል ማለት ነው፤ በቂ አሸንዳና ቦይ ከሌለው ይህ ሁሉ ወደ መሠረቱና ወደ ሜዳው ይሄዳል። መሠረቱ ያረፈው በጥቁር አፈር ላይ ከሆነ ችግሩ ይብሳል፤ አፈሩ ሲርስ እያበጠ፣ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ኮንክሪቱን ያንቀሳቅሰዋልና። ጣሪያው ቀጥሎ ይመጣል፤ የፕላስቲክ ወንበር ግን በማናቸውም ጊዜ ሊገጠም ይችላል።

ጥያቄ፦ ትሪቡኑ በየትኛው የሜዳው ጎን ይሠራ?

መልስ፦ ሜዳው ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ከሆነ በምዕራቡ። ጨዋታ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ፀሐይዋ ከተመልካቹም ከካሜራውም ጀርባ ትሆናለች።