በልጉ ሲቀር «ነው» ወይስ «ሊሆን ይችላል»?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምሠራ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ለአርሶ አደሮች በምናዘጋጀው በራሪ ወረቀት ላይ «የዓለም ሙቀት መጨመር በሰው ልጅ ተግባር ሊመጣ እንደሚችል ይነገራል። ዘንድሮ በልጉ የቀረው በአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ ቃላቱ ከብደዋል፣ ቀይራቸው አለኝ። ምን ይላሉ?

መልስ፦ ቃላቱን አይንኳቸው። «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለውን ሬዲዮ ካስለመደን ቆይቷል። ችግሩ ግሶቹ ላይ ነው። የተረጋገጠውን ነገር በ«ይነገራል» አለሳለሱት፤ ያልተረጋገጠውን ደግሞ በ«ነው» ቆለፉት።

የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የመንግሥታቱ ድርጅት የሳይንቲስቶች ፓነል በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ምድርን፣ ውቅያኖስንና አየርን ያሞቀው ሰው ለመሆኑ ጥርጥር የለም ብሏል። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2011 እስከ 2020 የነበረው የዓለም አማካይ ሙቀት፣ ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። ይህን «ሊመጣ እንደሚችል ይነገራል» ካልን ወሬ አስመሰልነው። «ምድር ሞቃለች» ብሎ መጻፍ ነው።

የበልጉ ነገር ሌላ ነው። አንድ በልግ የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ነው። ፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እንኳ የኛ ዝናብ ይዛባል። የአንዱን ዓመት በልግ ለይቶ «ምክንያቱ ይህ ነው» ለማለት ራሱን የቻለ ጥናት ይጠይቃል። ደግሞ አንባቢዎ ወሎዬ ነው። የ1966ቱን ድርቅ ያየ ሽማግሌ፣ የ1977ቱን ያየች እናት አሉ። «ያኔስ ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁዎታል፤ ልክ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት በልጉ ሰምሮ የደሴ ዙሪያ ገብስ ቢያምር ደግሞ «ታዲያ ለውጡ የት ገባ?» ይባላል። ከዚያ በኋላ እውነቱንም ቢጽፉ ሰሚ የለም።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን መሰላል አለው። «ይጨምራል» እርግጥ ነው። «ሳይጨምር አይቀርም» ወደ እርግጠኝነት ያደላል። «ሊጨምር ይችላል» በሩን ክፍት ይተዋል። «ይጨምር ይሆናል» ደግሞ ከሁሉም የላላ ነው። ፓነሉም የራሱ መሰላል አለው። የመሆን ዕድሉ ከ66 በመቶ በላይ ለሆነ ነገር አንድ ቃል፣ ከ90 በመቶ በላይ ለሆነ ሌላ ቃል መድቧል። ስንተረጉም ግን ሁሉንም «ይችላል» ውስጥ እንከታለን። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ቋንቋችን ሳያንሰው እኛ አሳነስነው።

ሙቀቱ ወደፊት እንደሚቀጥል ሲጽፉ «ይጨምራል» ይበሉ። የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ወደፊት ምን እንደሚሆን ግን የትንበያ ሞዴሎቹ ራሳቸው አይስማሙም። እዚያ ጋ «ሊ...ይችላል» ቦታው ነው።

«የሰው ልጅ ተግባር» የሚለውም ይታይ። የትኛው ሰው? ቦርከና ዳር ማሽላ የሚዘራው? ሙቀቱን በዋናነት ያመጣው የድንጋይ ከሰል፣ የነዳጅና የጋዝ ጭስ ነው፤ የኢትዮጵያ ድርሻ ደግሞ እጅግ ትንሽ ነው። አድራጊውን በስሙ ይጥሩት። አለበለዚያ ገበሬው ዛፍ ስለቆረጠ ተወቃሽ የሆነ ይመስለዋል። የጦሳ ተራራ መራቆት አፈሩን ያስጠርጋል፣ ጎርፍ ያመጣል። እሱን ለብቻው ይጻፉት።

«ዝናቡ በፈጣሪ እጅ ነው» የሚል ቢገጥምዎ ደግሞ አይከራከሩ። ዱዓውም ምህላውም ይቀጥላል፤ የእርስዎ ወረቀት የሚያወራው ስለ ጭሱ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ምድር ሞቃለች። ያሞቃት በዋናነት የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ጭስ ነው። ሙቀቱ ገና ይጨምራል። ዘንድሮ በልጉ ቀርቷል፤ የሙቀቱ እጅ ሊኖርበት ይችላል። የሚቀጥለው በልግ ሊዘገይም፣ ቶሎ ሊወጣም ይችላል። ቶሎ የሚደርስ ዘር በእጅዎ ይኑር።»

የዓመተ ምሕረቱንም ነገር አደራ። «በ2050» ብለው ቢጽፉ አንባቢዎ በኛ ይቆጥረዋል። የፈረንጆቹ 2050 ግን በኛ 2042 እና 2043 ነው። በኛው አቆጣጠር ይጻፉለት።