አውት ነው ወይስ ነውር ነው? የክሪኬት ጥያቄና መልስ

በለንደን ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ቡድኖችን የክሪኬት ጨዋታ መዳኘት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሕጉ ፈቅዶት ተመልካች ስለሚያወግዘው የመቺ አወጣጥ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የደረሱኝን በተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ ክሪኬትን የማውቀው በስም ብቻ ነው። በ2023 ቤርስቶው የሚባል ተጫዋች «አውት» ተባለና እንግሊዝ ታመሰች ሲባል ሰማሁ። ምን አድርጎ ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ሜዳውን ላሳይህ። ሁለት መቺዎች ሃያ ሜትር ያህል ተራርቀው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ከእያንዳንዳቸው ጀርባ ሦስት እንጨቶች ተተክለዋል፤ ከእንጨቶቹ ፊት መስመር አለ። ኳሱ በጨዋታ ላይ እያለ መቺው ከመስመሩ ወጥቶ ተጋጣሚው በኳሱ እንጨቶቹን ካፈረሰ፣ መቺው አውት ነው፤ ማለትም ተራው አልቆ ይወጣል።

ቦታው የለንደኑ ሎርድስ፣ ጨዋታው አሽስ የሚባለው የእንግሊዝና የአውስትራሊያ የቆየ ፉክክር፣ ዕለቱ አምስተኛውና የመጨረሻው ቀን። እንግሊዝ ለማሸነፍ 371 ራን (መቺዎች በሩጫና በምት የሚያገኙት ነጥብ) ያስፈልጋታል፤ አምስት መቺ አጥታ 193 ደርሳለች። ካሜሮን ግሪን የወረወረው ኳስ ነጥሮ ሲመጣ ጆኒ ቤርስቶው ጎንበስ ብሎ አሳለፈው። ኳሱ ከኋላው በቆመው ዊኬት ጠባቂ፣ በአሌክስ ኬሪ እጅ ገባ። ቤርስቶው መሬቱን በእግሩ ጫር አደረገና፣ ዳኛው የስድስቱ ኳስ ዙር ማለቁን ሳያውጅ፣ ወደ ጓደኛው መራመድ ጀመረ። ኬሪ ግን ኳሱ እጁ ከመግባቱ ወርውሮታል። እንጨቶቹ ተመቱ፤ ሦስተኛው ዳኛ ምስሉን አይቶ አውት አለ።

ከዚያ በኋላ ቤን ስቶክስ ብቻውን ተዋግቶ 155 አስቆጠረ፣ እንግሊዝ ግን በ43 ራን ተሸነፈች። ለምሳ ሲገቡ የክለቡ አባላት በሚቀመጡበት ክፍል የአውስትራሊያ ተጫዋቾች ተሰደቡ፤ ክለቡ ሦስት አባላቱን ወዲያው አግዶ ይቅርታ ጠየቀ። የሁለቱ አገር ጠቅላይ ሚኒስትሮችም ተመላለሱበት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለልን ላደግን ሰዎች፣ ክራባት ያሰሩ አዛውንቶች በልጆቻቸው ዕድሜ ባሉ ተጫዋቾች ላይ ሲጮሁ ማየት ያሳዝናል።

የኔ ፍርድ፦ ኬሪ አላጭበረበረም። ኳሱን ይዞ፣ መቺውን አዘናግቶ፣ አድፍጦ ቢወረውር ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ኳስ በዊኬት ጠባቂው እጅ ካረፈች ጨዋታው ቆሟል፣ በሕጉ አነጋገር ኳሷ «ሞታለች»። እዚህ ግን አላረፈችም። ቤርስቶው የተቀጣው በራሱ ቸልተኝነት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የአውስትራሊያው አምበል ፓት ከሚንስ መልሶ ሊጠራው አይችልም ነበር?

መልስ፦ ይችል ነበር። የነገሩ ሥር ያለውም እዚሁ ነው። በክሪኬት ሜዳ የያዘው ቡድን አቤት ካላለ ዳኛ መቺን አያስወጣም። አቤት ካለም በኋላ አምበሉ በዳኛው ፈቃድ አቤቱታውን ማንሳት ይችላል። ስለዚህ ሕግና ስፖርታዊ ጨዋነት የተጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ ሕጉ ራሱ ለጨዋነት በር ከፍቶ ቁልፉን ለአምበሉ ሰጥቶታል። በ2011 በኖቲንግሃም እንግሊዛዊው ኢያን ቤል ኳሱ የሞተ መስሎት ለሻይ ዕረፍት ሲወጣ አውት ተባለ። የሕንዱ አምበል ዶኒ በዕረፍቱ አቤቱታውን አነሳ፣ ቤል 137 ላይ ተመልሶ 159 አደረሰ። ዶኒን አከብረዋለሁ። ከሚንስን ግን «እንደ ዶኒ ስላልሆንክ ሌባ ነህ» ልለው አልችልም። ምሕረት ግዴታ ከሆነ ምሕረትነቱ ይቀራል።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ጋሼ፣ አብረውኝ የሚሠሩ ሕንዶች «ማንካድ» በሚባል ነገር ሲከራከሩ እሰማለሁ። ምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ወርዋሪው ኳሱን ሊለቅ ሲል፣ በእሱ በኩል የቆመው ሁለተኛው መቺ ለሩጫው እንዲቀድም አስቀድሞ ከመስመሩ ይወጣል። ወርዋሪው ኳሱን ትቶ በአጠገቡ ያሉትን እንጨቶች ካፈረሰ፣ ያ መቺ አውት ነው። በ1947 ሲድኒ ላይ ሕንዳዊው ቪኑ ማንካድ አውስትራሊያዊውን ቢል ብራውንን እንዲህ አስወጣው፤ ስሙም ለነውር መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የሚገርመው፣ የተጋጣሚው አምበል ዶን ብራድማን ራሱ ለማንካድ ተሟግቷል፦ ሕጉ መቺውን መስመሩ ውስጥ ቁም ይላል፣ ካልቆመ የሚወቀሰው ወርዋሪው ለምንድን ነው? የቀድሞው የሕንድ አምበል ሱኒል ጋቫስካር ያ ስም እንዳይጠራ የሚከራከረው በትክክል ነው፤ የአንድ ታላቅ ተጫዋች ስም በዚህ መነሳት የለበትም።

በ2022 ሴፕቴምበር ሎርድስ ላይ ሕንዳዊቷ ዲፕቲ ሻርማ እንግሊዛዊቷን ቻርሊ ዲንን በዚሁ መንገድ አስወጣች። እንግሊዝ የቀራት አንድ መቺ ነበር፣ ለማሸነፍም 17 ራን ያስፈልጋት ነበር። ዲን አለቀሰች፣ ተመልካቹ ጮኸ። ክርክሩ ወደ «አስጠንቅቀናታል፣ አላስጠነቀቃችኋትም» ዞረ። ሕጉ ግን ማስጠንቀቂያ አይጠይቅም። በሳምንቱ ኦክቶበር 1 ላይ፣ አስቀድሞ የተወሰነ ማሻሻያ ሥራ ላይ ዋለና ይህ አወጣጥ «ተገቢ ያልሆነ ጨዋታ» ከሚለው ክፍል ወጥቶ ከተራው የሩጫ አውት ጋር ተመደበ። እኔም ደስ ብሎኛል። ግማሽ ሜትር የሚሰርቀው መቺ «ጨዋ»፣ የሚይዘው ወርዋሪ «ባለጌ» ሲባል ሰባ አምስት ዓመት ኖረናል።

ጥያቄ፦ የማቲውስስ? የራስ ቁሩ ማሰሪያ ስለተበጠሰ አውት ተባለ የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ በ2023 የዓለም ዋንጫ ዴልሂ ላይ ባንግላዴሽና ስሪላንካ ሲጫወቱ ነው። በውድድሩ ሕግ አዲስ መቺ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ለኳስ መዘጋጀት ነበረበት። የስሪላንካው አንጀሎ ማቲውስ ገባ፣ ማሰሪያው ተበጠሰ፣ ሌላ የራስ ቁር አስመጣ። የባንግላዴሹ አምበል ሻኪብ አል ሀሰን አቤት አለ። በዓለም አቀፍ ክሪኬት በጊዜ ማለፍ የወጣ የመጀመሪያው ሰው ማቲውስ ሆነ። ዳኞቹ ጊዜው ማሰሪያው ሳይበጠስም አልፏል ብለዋል፤ ማቲውስ በቪዲዮ ተሟግቷል።

እዚህ ላይ ልቤ ከሻኪብ ጋር አይደለም። ዳኛ ብሆን አውት እል ነበር፤ አምበል ብሆን ግን አነሳው ነበር። ቤርስቶው ተዘናጋ፣ ዲን ቀደመች፤ ማቲውስ ግን ራሱን ሊጠብቅ ሲል ዕቃው ከዳው። ጠንካራ ኳስ በዚያ ፍጥነት ሲመጣ ያለ ራስ ቁር ቁም የሚባል ሰው የለም።

ጥያቄ፦ እንግሊዞች ራሳቸው ሲያደርጉትስ ዝም?

መልስ፦ የአሽስ ስም ራሱ የተወለደው ከዚህ ዓይነት ነገር ነው። በ1882 ኦቫል ሜዳ ላይ ወጣቱ አውስትራሊያዊ ሳሚ ጆንስ ሜዳውን በዱላው ሊደለድል ከመስመሩ ወጣ፣ ታላቁ የእንግሊዝ ተጫዋች ግሬስ እንጨቶቹን አፈረሰበት። ስፖፎርዝ የሚባለው የአውስትራሊያ ወርዋሪ ተቆጥቶ ሰባት መቺ አስወጣ፤ 85 ብቻ የሚበቃት እንግሊዝ መቺዎቿ ሁሉ ወጥተው 77 ላይ አለቀች። አንድ ጋዜጣም የእንግሊዝ ክሪኬት ሞተ፣ አመዱ (በእንግሊዝኛ «አሽስ») ወደ አውስትራሊያ ይወሰዳል ብሎ አሾፈ። በ2023ም የእንግሊዝ አሠልጣኝ የነበረው ማከለም፣ በ2006 ለኒውዚላንድ ሲጫወት፣ ባልደረባውን መቶ ራን ስለሞላ እንኳን ደስ አለህ ሊል ከመስመሩ የወጣውን የስሪላንካውን ሙራሊታራንን አስወጥቷል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሎርድስ ላይ ቆሞ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ስለዚያ አከብረዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዱላውን የነካ ኳስ መሬት ሳይነካ ሲያዝበት አውት መሆኑን እያወቀ የማይወጣ መቺስ?

መልስ፦ እንግሊዛዊው ስቱዋርት ብሮድ በ2013 ኖቲንግሃም ላይ ቆሞ ቀረ፤ እንግሊዝም በ14 ራን አሸነፈች። አውስትራሊያዊው ጊልክሪስት ደግሞ በ2003 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ዳኛው አውት ሳይለው ራሱ ሄደ። ብሮድን አልወቅስም። ልጄ ቢጫወት ግን እንደ ጊልክሪስት ቢሆንልኝ እመርጣለሁ።

ጥያቄ (ከሜልበርን)፦ በጨዋነቱ ምክንያት የተጎዳ ቡድን አለ?

መልስ፦ አለ፣ ክፉኛም የተጎዳ። በ1987 የዓለም ዋንጫ ላሆር ላይ ፓኪስታን በመጨረሻው ኳስ ሁለት ራን ያስፈልጋት ነበር፤ የቀራትም አንድ መቺ ብቻ። የዌስት ኢንዲሱ ኮርትኒ ዋልሽ ሊወረውር ሲሮጥ ሳሊም ጃፋር ከመስመሩ ወጥቷል። እንጨቶቹን መንካት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ዋልሽ ቆመ፣ አላስወጣውም፣ ተመልሶ ወረወረ። አብዱል ቃዲር ሁለቱን ራን አገኘ። ዌስት ኢንዲስ በዚያ ዓመት ግማሽ ፍጻሜ አልገባችም።

የሕንዱ አምበል ቪስዋናትም አለ። በ1980 ቦምቤ ላይ እንግሊዝ አምስት መቺ በ58 አጥታ ሳለ፣ ዳኛው ቦብ ቴይለርን አውት አለው። ቪስዋናት ኳሱ ዱላውን እንዳልነካ ስላወቀ ዳኛውን አስለውጦ ሰውየውን መለሰው። ቴይለር ከባልደረባው ከቦተም ጋር ሆኖ 171 ራን ጨመሩ፤ ሕንድ ተሸነፈች። ቪስዋናት ሕንድን በአምበልነት የመራው በሁለት የቴስት (ቀናት የሚፈጅ የአገሮች ግጥሚያ) ጨዋታዎች ብቻ ነው፤ አንዱ ያ ነበር።