አንገቴ ላይ ነርቭ ተጭኗል ተባልኩ፤ ያለ ኦፕሬሽን መዳን እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ44 ዓመት ሴት ነኝ። የምተዳደረው ልብስ በመስፋት ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ከእንቅልፌ ስነቃ አንገቴ ተይዞ ነበር። ከዚያ ሕመሙ ወደ ግራ ትከሻዬ ወረደ። አሁን እስከ መሃል ጣቴ ድረስ ይነዝረኛል፣ ጣቴም ይደነዝዛል። ሌሊት ይብስብኛል። እጄም ትንሽ የዛለ ይመስለኛል። ኤምአርአይ ተነሥቼ «በስድስተኛውና በሰባተኛው የአንገት አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ተጭኗል» ተባልኩ። ዲክሎፌናክ መርፌ ስወጋ ለአንድ ቀን ይሻለኛል፤ ግን ጨጓራ አለብኝና በጣም ያቃጥለኛል። አንድ ሐኪም ኦፕሬሽን ሊያስፈልግሽ ይችላል ብለውኛል። ጎረቤቶቼ ደግሞ ወጌሻ ጋ ሂጂ እያሉ ይወተውቱኛል። ምን ባደርግ ይሻላል? ሥራዬንስ ልተው?
ት. ነኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወይዘሮ ት.፣ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ከሁሉ በፊት ያስጨነቀዎትን ልመልስ። እንደ እርስዎ ያለ ሕመም ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቢላ ሳይነካቸው ይድናሉ። ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በሮቼስተር ከተማ የ561 ሕሙማንን ታሪክ የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1994 ታትሟል። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሩብ ያህሉ ነበሩ። በመጨረሻ ሲታዩ ከ10ሩ 9ኙ ወይ ምንም ምልክት አልነበራቸውም፣ ወይ የቀረባቸው ቀላል ችግር ብቻ ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? ዲስክ ውጩ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ውጩ ሲሰነጠቅ ለስላሳው ክፍል ይወጣና አጠገቡ ያለውን ነርቭ ይነካዋል። ሕመሙን የሚያመጣው ግን መጫኑ ብቻ አይደለም። የወጣው ዲስክ አካባቢውን ያስቆጣዋል፤ ነርቩም ይቆጣል፣ ያብጣል። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ንዝረት በአብዛኛው የዚህ መቆጣት ውጤት ነው። ጊዜ ሲያልፍ ግን ሰውነታችን የወጣውን ቁራጭ እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። ቁጣውም ይበርዳል። ሕመሙ ጎልቶ እስኪቀንስ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። እርስዎ ገና በአምስተኛው ላይ ነዎት። ስለዚህ የመድኃኒቱም የፊዚዮቴራፒውም ዋና ሥራ ይህን ጊዜ ሳይሰቃዩና እጅዎ ሳይዳከም እንዲያልፉት ማገዝ ነው።

ስለ ኤምአርአይው አንድ ነገር ልበል። ብዙ ታካሚዎች ውጤቱን ሲያነቡ እንደ ፍርድ ወረቀት ይደነግጡበታል። ጃፓን ውስጥ ምንም ሕመም የሌላቸው 1211 ሰዎች አንገታቸው በኤምአርአይ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት 87.6 በመቶዎቹ ላይ ያበጠ ዲስክ ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች እንግዲህ ጤነኞች ናቸው! ስለዚህ ኦፕሬሽን ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውን ፎቶው ብቻውን አይወስንም። ፎቶው ከሕመሙ ጋር መግጠም አለበት። የእርስዎ ይገጥማል፤ በስድስተኛውና በሰባተኛው አጥንት መካከል የሚወጣው ነርቭ ወደ መሃል ጣት ነው የሚሄደው። ከአንገት ነርቮች መካከል በብዛት የሚጎዳውም እሱ ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ «እጄ የዛለ ይመስለኛል» ያሉት ነው። ይህ ነርቭ ክርንን የሚዘረጋውን ጡንቻ ያዝዛል። ግድግዳ ፊት ይቁሙና በአንድ እጅ፣ ቀጥሎ በሌላው፣ ግድግዳውን ገፋ ያድርጉ። ግራው ከቀኙ በግልጽ ደከመ? መቀስ ሲይዙ ወይም ብረት ድስት ሲያነሱ እጅዎ ይከዳዎታል? ሕመም ስላለብኝ ነው ብለው አይለፉት። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄደው የጡንቻዎን ጉልበትና ክርንዎ በትንሽ የጎማ መዶሻ መታ ሲደረግ የሚሰጠውን ምላሽ ያስመርምሩ። ድካሙ ቀላል ከሆነና ካልጨመረ መጠበቅ ይቻላል። ከሳምንት ሳምንት እየባሰ ከሄደ ግን ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይቀርና በቶሎ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ማየት አለብዎት።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። የዲክሎፌናክ መርፌውን ያቁሙ። አገራችን ውስጥ መርፌ ከክኒን ይበልጣል የሚል እምነት አለ፤ እኔ ግን አልስማማም። መርፌው በደም በኩል ዞሮ ያው ጨጓራን ነው የሚያቆስለው። ከሁለት ቀን በላይም እንዲወሰድ አይመከርም። በዚያ ላይ ቂጥ ላይ ያለ ቦታው የተወጋ መርፌ ሌላ ነርቭ ይጎዳል፤ በአንገት ነርቭ ሕክምና ፈልገው የእግር ነርቭ ይዘው የተመለሱ ሰዎች አሉ። ኢቡፕሮፌንም የዲክሎፌናክ ዘመድ ነው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውሰደው። ሐኪምዎ ለጥቂት ቀን ያስፈልጋል ካሉ እንደ ኦሜፕራዞል ካለ የጨጓራ መከላከያ ጋር፣ ምግብ ተበልቶ ይወሰዳል። ፓራሲታሞል ለጨጓራ ይሻላል፤ ለነርቭ ሕመም ግን ብቻውን ደካማ ነው። ጉበትዎ ጤናማ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500ውን ከ8 ፍሬ አይለፉ።

ሌሊት ለሚነሳው ንዝረት ሐኪሞች ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን ወይም በትንሽ መጠን አሚትሪፕቲሊን ያዛሉ። አሚትሪፕቲሊን የድባቴ መድኃኒት መሆኑን ወረቀቱ ላይ አንብበው «እኔን እብድ አደረጉኝ እንዴ?» የሚሉ አሉ። አይደለም፤ በትንሹ ሲወሰድ የነርቭ ሕመም ያደነዝዛል፣ እንቅልፍም ይሰጣል። ሦስቱም ያንገላጅጃሉ። ስለዚህ ማታ ይጀመራሉ፤ በማግስቱ ማሽን ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ሰውነትዎ እንዴት እንደተቀበለው ይዩ። በድንገትም አይቋረጡም። ትራማዶል ሱስ ያስይዛልና ከጓደኛ ተቀብለው እንዳይውጡ። የቫይታሚን ቢ መርፌ እጥረት ላለበት ሰው ጥሩ ነው፤ የወጣ ዲስክ ግን አይመልስም።

ዋናው ሕክምና ፊዚዮቴራፒ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ሲጠና ግራ እጅዎን አንስተው መዳፍዎን አናትዎ ላይ ያሳርፉ። ነርቩ ስለሚላላ ብዙ ሰው ወዲያው ቀለል ይለዋል። ፋታ ሲያገኙ ቀላል እንቅስቃሴ ይጀመራል። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ፊትዎ ወደ ፊት እያየ፣ አገጭዎን ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ። ወደ ታች ማጎንበስ አይደለም፤ ቀጥታ ወደ ኋላ ነው። አምስት ሰከንድ ይያዙና ይልቀቁ። 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራት ዙር። ቀጥሎ ሁለቱን ትከሻዎች ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርጎ መያዝ ይታከላል። ቆይቶ ባለሙያው የአንገት ጡንቻ ማጠንከሪያ ይጨምርልዎታል። አንዳንዶች በእጅ ወይም በመሣሪያ አንገትን ቀስ አድርገው ይስባሉ። የተወሰነ ሰው ይረዳዋል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ቤት ውስጥ በር ላይ ገመድ አንጠልጥሎ መሞከር ግን አይገባም።

አንድ ምልክት ልስጥዎት። እንቅስቃሴውን ሲሠሩ ሕመሙ ከጣትዎ ለቆ ወደ ትከሻና ወደ አንገት ከተሰበሰበ፣ አንገትዎን ቢያምዎት እንኳ ጥሩ መንገድ ላይ ነዎት። ወደ ጣት ከወረደ ያንን እንቅስቃሴ ይተዉት፤ ለባለሙያውም ይንገሩ።

የአንገት ኮላር፣ ማለትም አንገትን ደግፎ የሚይዘው ማሰሪያ፣ ይጠቅማል ወይ የሚለውን ባይጠይቁኝም መምጣቱ አይቀርም። ኔዘርላንድስ ውስጥ በ205 ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ነበር። ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኮላር አድርገው ያረፉትም ፊዚዮቴራፒ የሠሩትም ዝም ብለው ከጠበቁት ቀድመው ተሻላቸው። ከስድስት ወር በኋላ ግን ሁሉም እኩል ሆኑ። እንግዲህ ኮላር ለአጭር ጊዜ ነው። ለወራት ካሰሩት ጡንቻው ይልፈሰፈሳል። አምስት ሳምንት ላለፈው ሰው እኔ ፊዚዮቴራፒውን እመርጣለሁ።

ወጌሻውን በተመለከተ ቁርጥ ያለ መልስ ነው ያለኝ፦ አንገትዎን ማንም እንዳያዞረው። ወጌሻም ይሁን ማሳጅ ቤት፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣም ይሁን። በአንገት አጥንቶች ውስጥ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች ያልፋሉ። ድንገት ቀጭ ሲደረግ ሥሩ ውስጡ ተሰንጥቆ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ብዙ አይደለም የሚያጋጥመው፤ ሲያጋጥም ግን የማይመለስ ጉዳት ያስከትላል። የወጣ ዲስክም ይበልጥ ሊወጣ ይችላል። ትከሻዎ ላይ የተኮማተረውን ጡንቻ በዘይት ለስለስ አድርጎ ማሸትና በሞቀ ፎጣ መያዝ ግን ችግር የለውም፤ ደስ ካለዎት ያድርጉት።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ እንቢ ካለ በነርቩ ዙሪያ ስቴሮይድ የተባለውን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት መወጋት ሌላው አማራጭ ነው። ለሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት ፋታ ሊሰጥ ይችላል። ሆኖም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2014 አስጠንቅቆበታል፤ አልፎ አልፎ ስትሮክና ሽባነት አስከትሏልና። ስለዚህ አንገት ላይ ይህን የሚሠራው የሠለጠነ ሐኪም፣ በራጅ እያየ ብቻ ነው። ስኳር ካለብዎ ስቴሮይድ ስኳሩን ይሰቅለዋል፤ አስቀድመው ይናገሩ።

ኦፕሬሽን መጥፎ ነገር አይደለም፤ ለሚገባው ሰው በጣም ጥሩ ነው። ስዊድን ውስጥ ሕመማቸው የቆየባቸው 81 ሰዎች በኦፕሬሽን፣ በፊዚዮቴራፒና በኮላር ተከፋፍለው ታከሙ። እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመው ውጤት ኦፕሬሽን የተደረገላቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከኮላሮቹ ይልቅ ተሽሏቸዋል። ከዓመት በኋላ ግን በሕመም ረገድ በሦስቱ መካከል ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ድካም ከሌለ፣ ለመቸኮል ምክንያት የለም። ከ6 እስከ 12 ሳምንት በትክክል ታክመው ሕመሙ አላስቀምጥ ካለ፣ ያኔ ስለ ኦፕሬሽን በረጋ መንፈስ ይመክራሉ።

ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱትን ግን ይወቁ። ሁለቱም እጅ ሲደነዝዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ ወይም መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅት፣ እግር ሲከብድ ወይም ስትራመዱ ሲያንገዳግድ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ሲያመልጥ። ይህ ማለት የተጫነው ነርቭ ብቻ ሳይሆን ሕብለ ሰረሰር ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከአንገት ሕመም ጋር ከመጡ የአከርካሪ ቲቢ መሆኑ መጣራት አለበት፤ እኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የግራ እጅ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከትንፋሽ ማጠርና ከላብ ጋር ከመጣም ነርቭ ነው ብለው አይጠብቁ፤ ልብ ሊሆን ይችላል።

ሥራዎን አይተዉ፤ አቀማመጥዎን ይለውጡ። ዋናው ጠላትዎ ማሽኑ ሳይሆን ለሰዓታት ማጎንበስ ነው። ማሽኑን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት፣ ወይም ወንበርዎን ዝቅ ያድርጉ፣ መብራቱንም ያቅርቡት። በየግማሽ ሰዓቱ ይነሱና ትከሻዎን ያዟዙሩ። የደንበኛ ስልክ ሲመጣ በጆሮና በትከሻ መሃል እንዳያጣብቁት። ውኃ ጀሪካን መሸከም፣ ብርድ ልብስ ማጠብና መጭመቅ ለጊዜው ለልጆች ወይም ለሌላ ሰው ይሁን። ስትተኙ ሁለትና ሦስት ትራስ መደራረብ ይቅር፤ በጎን ሲተኙ ራስዎ ከአከርካሪዎ ጋር ቀጥ እንዲል የሚያደርግ አንድ ትራስ ይበቃል። በሆድ መተኛት አንገትን ስለሚያጣምም ለአሁኑ ይተዉት።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የኤምአርአይውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ወይም ሲዲውን ይያዙ። እስካሁን የወሰዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ያሳዩ። ጨጓራዎንም መጀመሪያ ይናገሩ፤ በችኮላ ሌላ ዲክሎፌናክ እንዳይታዘዝልዎ።