እልፍ ስንት ነው?

አንዲት የባህር ዳር የሂሳብ አስተማሪ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ የጥምቀት ዕለት "ጣና ዳር እልፍ ሰው ወጥቷል" ብል ታናሽ ወንድሜ "አስር ሺህ ብቻ? ኧረ ይበልጣል" ብሎ ሳቀብኝ። እልፍ ስፍር ቁጥር የሌለው ማለት አይደል እንዴ?»

እህቴ፣ ልጁ ልክ ነው። እልፍ 10,000 ነው፣ አለቀ። በዚህ ነገር ከሰው ጋር ስጨቃጨቅ ፀጉሬ ሸብቷል። «እልፍ ከአለፈ ነው የመጣው፣ ከቁጥር ያለፈ ለማለት ነው» የሚሉ አሉ፣ ሲሰሙት ያምራል፣ ግን «እልፍ በል» ስንል ያለው እልፍና ይሄኛው ድምፃቸው ገጠመ እንጂ ዘመድ አይደሉም። የኛው ከነብዙ ቁጥሩ ከነአእላፉ የግዕዝ የቁጥር ስም ነው። ዘመዶቹ የዐረቡ አልፍና የዕብራይስጡ ኤሌፍ ናቸው፣ እነሱ ግን 1,000 ይሉበታል። ግዕዝ ሺህን «ዐሠርቱ ምእት» (አስር መቶ) ብሎ ስሙን ለአስር እጥፉ ሰጠው። እና በመጽሐፍ ቅዱስ ሴቶቹ ለሳኦል ሺህ ለዳዊት እልፍ ብለው ሲዘፍኑ፣ በዕብራይስጡ ኤሌፍ የደረሰው ለሳኦል ነው! (የፊደላችን የአ ስም አልፍም ከበሬ ነው የመጣው ይላሉ፣ ቁጥሩንም ከከብት መንጋ የሚያመጡት አሉ፣ ማስረጃው ቀጭን ቢሆንም እኔ ወድጄዋለሁ፣ የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል።)

ለአንቺ ለሂሳብ ሰው ግን ደስ የሚለው ምልክቱ ነው። ፼ን ቀረብ ብለሽ እይው፣ ሁለት ፻ የተቆላለፉበት ነው፣ መቶ ጊዜ መቶ። 10,000ን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ቁጥሮች 25 ናቸው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ፣ 1 ከ10,000፣ 2 ከ5,000፣ 16 ከ625 እያለ አስራ ሁለት ጥንድ ይወጣና 100 ብቻ ከራሱ ጋር ይቀራል። ብዛታቸው ጎዶሎ የሆነውም ለዚህ ነው፣ ካሬ ቁጥር ሁሉ እንደዚያ ነው። ጸሐፊው ብራናው ላይ ያሰረው ያንን ከራሱ ጋር የቀረውን መቶ ነው። ዜሮ ሳይኖረው ሚሊዮንን ፻፼ ብሎ፣ መቶ ሚሊዮንን ፼፼ ብሎ ይጽፋል፣ ስምንት ዜሮ የሚፈጀው በሁለት ምልክት አለቀ ማለት ነው። አንድ ስትጨምሪበት ደግሞ መልኩ ሁሉ ይለወጣል፣ 10,001 በ2ም በ5ም አይነካም፣ 73 ሲባዛ በ137 ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም።

እሺ፣ ዛሬ «ሁለት እልፍ ብር» የሚል ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፣ እኔ ራሴ ገበያ ውስጥ ሞክሬው ባለሱቁ «አባባ ደህና ነዎት?» ብሎኛል። ሰው እልፍን ለብዛት ብቻ ነው የሚላት፣ መዝገበ ቃላትም ይሄን ፍቺ ሳይጽፍ አያልፍም፣ ተሸንፌያለሁ ማለት ነው። ግን ለ300 ሰው ሰርግ «እልፍ ዕድምተኛ» ሲባል አሁንም ጆሮዬን ያሳክከኛል። አንቺ ብዛት ከፈለግሽ «እልፍ አእላፋት» በይ፣ ያኔ ወንድምሽም ቁጭ ብሎ አይቆጥርብሽም።