ድንጋዩን የገለበጠው ማን ነው?

ሰላም እህት ዓለም። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ለመመረቂያ ጥናቴ ባሕር ዳር ላይ የታናን ድንጋያማ ዳርቻ መርጫለሁ። አማካሪዬ መጠነኛ ረብሻ የዝርያዎችን ብዛት ይጨምራል አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ረብሻ ያለውንም ያጠፋል ትላለች። የቱ ነው ልክ?» ነው ያልሽው። ረብሻ ስንል ድንጋይ እንደሚገለብጥ ሞገድ ያለውን፣ የሰፈረውን ፍጡር ነቅሎ ቦታ የሚያስለቅቅ ነገር ማለታችን ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ። ማንም ባይረብሽ ኖሮ ድንጋዩን ጠቅልሎ የሚይዘው ማን ነበር?

እኔ ይቺን ጥያቄ ሳልጠይቅ ገብቼ አንድ ዓመት አቃጥያለሁ። እነግርሻለሁ። መጀመሪያ አማካሪሽ ነገሩን ከየት እንዳመጡት ልበልሽ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጣው ከውቅያኖስ ዳር ነው። ሮበርት ፔይን የሚባል አሜሪካዊ ከ1963 ጀምሮ በዋሽንግተን ግዛት የፓስፊክ ዳርቻ፣ ከአንድ አለት ላይ የባሕር ኮከብ እየለቀመ ወደ ውሃው ይወረውር ነበር። የባሕር ኮከብ አዳኝ ነው። መስል የሚባለውን ጥቁር ባለዛጎል ይበላል። አዳኙ ሲጠፋ መስሉ ወደታች እየተስፋፋ ቦታውን ወረሰ። 15 የነበሩት ዝርያዎች 8 ሆኑ። በ1969 ፔይን እንዲህ ያለውን ፍጡር ኪስቶን አለው። በቅስት አናት ላይ የምትቆለፈውን ድንጋይ ማለቱ ነው። የጎንደር ግንብን በሮች ቀና ብለሽ ብታዪ ሐሳቡ ይገባሻል።

ለአንቺ የሚጠቅምሽ ግን ዌይን ሱዛ ነው። እሱም እንዳንቺ ድንጋይ ላይ ነው የሠራው፣ ደቡብ ካሊፎርኒያ። ሥራው በ1979 ወጣ። ትናንሾቹን ድንጋዮች ሞገድ ቶሎ ቶሎ ስለሚገለብጣቸው ላያቸው ላይ የሚገኙት ፈጥነው የሚደርሱት ብቻ ናቸው፤ አረንጓዴ አልጌና ባርናክል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ትንሽ ባለዛጎል የባሕር ፍጡር)። ትልልቆቹ እምብዛም አይገለበጡም፤ እነሱን አንድ ቀይ አልጌ ወርሷቸዋል። ብዙ ዝርያ የተገኘው መሀለኞቹ ላይ ነው። ሰውየው ግን እዚህ ላይ አላቆመም። ትናንሾቹን ድንጋዮች እንዳይገለበጡ አድርጎ አሰራቸው። እነሱም እንደ ትልልቆቹ መሆን ጀመሩ። ነገሩ የድንጋዩ መጠን አልነበረም ማለት ነው፤ መገለበጡ ነው።

እንግዲህ ጓደኛሽ የምትለው ትንሹ ድንጋይ ላይ ይታያል፣ አማካሪሽ የሚሉት መሀለኛው ላይ። ደግሞ ሕግ ነው ብለሽ እንዳትጽፊ። ጄረሚ ፎክስ የሚባል ተመራማሪ በ2013 ይህን የመካከለኛ ረብሻ ሐሳብ ጭራሽ እንተወው ብሎ ጽፏል። ፈታኝ ካነሳብሽ ሰምቼዋለሁ ማለት አለብሽ።

ወደ እኛው ታና እንምጣ። እዚህ የባሕር ኮከብ የለም፣ ባርናክል የለም። ያለው ጥቁር ባዛልት፣ ላዩ ላይ አልጌ፣ ቀንድ አውጣ፣ ሥሩ የነፍሳት እጭ፣ ዙሪያውን ደግሞ አልጌውን በአፏ የምትፍቅ ጋራ የምትባል ትንሽ ዓሣ ነው። ውቅያኖስ ዳር ውሃው በብዙ ቦታ በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ይመለሳል። ታና የሚሸሸው በዓመት አንዴ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይወርዳል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ የላይኛው ድንጋይ ለወራት ፀሐይ ላይ ይቀራል። እዚያ የነበረው ፍጡር ወይ ውሃውን ተከትሎ ይወርዳል፣ ወይ ይደርቃል። ደግሞም ውሃው የሚወርደው በራሱ ብቻ አይደለም። ከ1996 ወዲህ የዓባይ መውጫ፣ ጨራጨራ በሚባለው ቦታ ላይ በተሠራው ግድብ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። በ2003 ሐይቁ ምን ያህል እንደሸሸ የከተማው ሰው ያስታውሳል፤ ጀልባ ሁሉ ደረቅ ላይ ቀርቶ ነበር። ጥናትሽ ላይ ወሩን ካልጻፍሽ ቁጥርሽ ምንም አይነግረንም።

አሁን የእኔን ጉድ ስሚ። ተማሪ እያለሁ ከከተማው ብዙ በማይርቅ ዳርቻ ሦስት ዓይነት ድንጋይ መረጥኩ። ጡጫ የሚያክል፣ ረከቦት የሚያክል፣ የተኛ በሬ የሚያክል። ሁሉንም በግድግዳ ቀለም ምልክት አደረግኩባቸው። ሳይደርቅ ማዕበል መጣና ታናን ቀባሁት። ከእህቴ የጥፍር ቀለም ሰረቅኩ። እሱ ያዘ።

ክረምቱ ሲወጣ ተመለስኩ። ትንንሾቹ ገሚሱ የሉም። ያም ይሁን፣ ሱዛም ብሏል። የገረመኝ መሀለኞቹ ናቸው። ብዙ ዝርያ ይኖራቸዋል ብዬ የጠበቅኩት እነሱ ላይ ነበር፤ የባሰ ራቁታቸውን የቀሩት ግን እነሱ ሆኑ። ግራፉ ተገልብጦ መጣ። ሁለት ሳምንት አልተኛሁም። የፈረንጁ ሐሳብ ታና ላይ አይሠራም ብዬ ልጽፍም ዳድቶኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ዳር ላይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ውሃው እንደ መስታወት ነው፤ ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ግን ድንጋዩ ይገለበጣል። ልጆች ለመንጠቆ ትል እየፈለጉ ይገለብጣሉ። አንዱ ለአጥር መሠረት በጋሪ ይጭናል። አንዲት እናት ደግሞ ቀይ ጥፍር ቀለም ያለባትን የእኔን ድንጋይ ይዘው ልብስ ያሹባታል። ተንደርድሬ ሄድኩ። «ምን ሆነሃል ልጄ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ እኮ ናት» አሉኝ። ልብስ ለማሸት የምትመረጠው ድንጋይ ረከቦት የምታክለዋ ናት! ትንሿ አትመችም፣ ትልቋ አትነሳም። እኔ መጠኗን አይቼ «መካከለኛ ረብሻ» ብዬ የጻፍኩባት ድንጋይ ከሁሉም በላይ የምትረበሸው ሆና ተገኘች። ቁጥሬ ልክ ነበር። ስሟን ነው ያሳሳትኩት።

ስለዚህ መጠን አትለኪ፣ መገለበጥን ቁጠሪ። ምልክት አድርጊ፣ በየሳምንቱ ሂጂ፣ የዞረውን መዝግቢ። የተወሰኑትን እንዳይነቃነቁ አድርገሽ እሰሪ። ያለዚያ የምታወዳድሪው ነገር አይኖርሽም።

ቀንድ አውጣና ዓሣ እንዳይደርሱበት በወንፊት ሽቦ ልትከልዪ ካሰብሽ ደግሞ ተጠንቀቂ። እኔ ከለልኩ። ውስጡ አልጌው ወፈረ። «የሚግጠው ስለሌለ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ፈታኜ ግን «ወንፊቱ ሞገዱንስ አልከለከለም? ደለሉስ አልተኛም?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ለማወዳደር ጣሪያ ያለው፣ ግን ቀንድ አውጣና ዓሣ እንዲገቡ ጎኑ ክፍት የሆነ ሌላ ከለላ አጠገቡ መኖር ነበረበት። ክረምት ላይ ወንዞቹ ያን ሁሉ አፈር ይዘው ሲገቡ ደለል ራሱን የቻለ ረብሻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ላነሳሁት ጥያቄ፣ ማለትም ጠቅልሎ ለሚይዘው፣ እኔ በድንጋዮቼ ላይ አንድም መስልን የሚያክል ጉልበተኛ አላገኘሁም። ጉልበተኛ ከሌለ ረብሻ የሚያስለቅቀው ቦታ የለም፤ ብዝኃነትም ላይጨምር ይችላል። ጉልበተኛ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግሽ ግን ሰሜን ዳርቻውን የወረረውን እምቦጭ እዪ። ድንጋይ ላይ የሚበቅል አይደለም እንጂ ጠባዩ ያው ነው። አንቺ ከእኔ የተሻለ ቦታ መርጠሽ ይሆናል፣ በደንብ ፈልጊ።

ሌላው፣ ጠዋት ሂጂ። ቦት ጫማና ጓንት ሳታደርጊ ውሃው ውስጥ እንዳትገቢ፤ ታና ዳር ቢልሃርዝያ አለ፣ የሚያስተላልፈውም ያው የምትቆጥሪው ቀንድ አውጣ ነው። መቁጠሪያ የሽቦ ማዕቀፌ ቤት ተቀምጧል፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እሰጥሻለሁ። ወንፊቱን ግን ከእኔ አትጠብቂ። በሦስተኛው ወር ጠፍቶ፣ ኋላ አንድ የዶሮ ቤት በር ላይ ተመትቶ አየሁት።