«ዋትሳፕ አለው ወይ?»

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ከግማሽ በላይ ስለ አንድ ዕቃ ናቸው፤ በቤት ዋይፋይ ስለሚደውል ገመድ አልባ ስልክ። ለአዲስ አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ። አዲስ አበባ ምሰሶ ላይ እየወጣሁ የስልክ ሽቦ ስቀጥል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለቤትና ለሱቅ ስልክና ራውተር እገጥማለሁ። ሽቦው ቀረ፣ ጭቅጭቁ ግን አልቀረም።

ጥያቄ፦ «እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኔ ጋር ትኖራለች። 78 ዓመቷ ነው። ስማርት ስልክ ገዛሁላት፤ ጣቷ በነካው ቁጥር ሌላ ነገር ይከፈትባታል። ሁለቴ ለማናውቀው ሰው ቪዲዮ ደውላለች። ቁልፍ ያለው፣ በዋይፋይ የሚሠራ ስልክ አየሁ። ዋትሳፕ አለው ወይ? ከእህቶቿ ጋር እንድታወራበት ነው።» — ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ የለውም። ይኼን ጥያቄ በሳምንት ሦስቴ እሰማለሁ። ሰው ሳጥኑ ላይ «ዋይፋይ ስልክ» የሚለውን ያይና ዋትሳፕም፣ ቫይበርም፣ ኢሞም ውስጡ ያለ ይመስለዋል። ቁልፍ ያለው የዋይፋይ ስልክ የሚያውቀው ቋንቋ አንድ ነው፤ ሲፕ ይባላል። መጀመሪያ ከኢንተርኔት ስልክ አቅራቢ አካውንት ትከፍቺያለሽ። እነሱ ቁጥር፣ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ይሰጡሻል። ያንን ስልኩ ላይ ማስገባት ሲም ካርድ እንደመክተት ቁጠሪው። ያለ አካውንት ስልኩ ሰዓት ከማሳየት ሌላ ሥራ የለውም።

እናትሽ ስትደውል ጥሪው የሚገባው አክስቶችሽ መደበኛ ስልክ ወይም ሞባይል ላይ ነው። ጥሩው ነገር፣ እነሱ ጋ ኢንተርኔት ባይኖርም ይጠራል። መጥፎው ሂሳቡ ነው፤ በደቂቃ ትከፍያለሽ። አካውንት ሳትከፍቺ የኢትዮጵያ ሞባይልና የኢትዮጵያ መደበኛ ስልክ ዋጋን ለየብቻ ጠይቂ። ቀድሞ የሚሞላ ሂሳብ ምረጪ፤ ሲያልቅ ከካርድሽ ራሱ እንዲሞላ አትፍቀጂ። የሲፕ ፓስወርድ ሰርቀው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ውድ አገር የሚደውሉ ሌቦች አሉ። ፓስወርዱን ረጅም አድርጊው፣ የልጅሽን የልደት ቀን አታድርጊው።

በነገራችን ላይ፣ አሮጌ «የስካይፕ ስልክ» በርካሽ ሲሸጥ ብታዪ እለፊው። ስካይፕ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ተዘግቷል።

አሁን ወደ ምርጫው። እኔ ብሆን ለእናትሽ የዋይፋይ ስልክ አልገዛም። ዴክት የሚባለውን እገዛለሁ። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቁልፍ አላቸው፣ ሁለቱም ማቆሚያቸው ላይ ቻርጅ ይደረጋሉ። ልዩነቱ ያለው ከአየሩ ላይ ነው። የዋይፋይ ስልክ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር ይነጋገራል፤ የልጆችሽ ታብሌት፣ ቴሌቪዥኑና የጎረቤት ራውተር በሚጋፉበት 2.4 ወይም 5 ጊጋኸርዝ ላይ ማለት ነው። ዴክት ግን የራሱ ትንሽ ማዕከል አለው። ማዕከሉን በገመድ ራውተሩ ላይ ትሰኪዋለሽ፤ እጀታው ከማዕከሉ ጋር በራሱ ሞገድ ይነጋገራል። እዚህ አሜሪካ ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ነው፣ ለድምፅ የተተወ ቦታ። ባትሪውም ብዙ ይቆያል። ያሊንክም ግራንድስትሪምም ሁለቱንም ዓይነት ይሠራሉ፤ ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ሳጥኑ ላይ «ዴክት» የሚለውን ፈልጊ። «ሲፕ» የሚልም ይኑርበት፤ የድሮ የቤት መስመር ላይ ብቻ የሚሰካ ዴክትም ሞልቷል። አውሮፓ ያለ ዘመድ ልላክልሽ ቢል ግን አመስግነሽ እምቢ በይ። የአውሮፓው ዴክት ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፤ እዚህ መጠቀም አይፈቀድም።

የዋይፋይ ስልክ የሚያምረው ከቤት ቤት ይዞ ለሚዞር ሰው ነው። እሱም ቢሆን ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጀመሪያዬን ገዝቼ ለሠርግ ወደ ሌላ ከተማ ይዤው ሄድኩ። የሆቴሉ ዋይፋይ «እስማማለሁ» የሚል ገጽ ላይ ካልተጫነ አያስገባም። ስልኬ ደግሞ ገጽ የሚከፍት ነገር የለውም። ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይዤው ዞርኩ።

አንድ ነገር ከእናቴ የተማርኩትን ልንገርሽ። ለጥየቃ መጥታ ስልኩን ገጥሜ ሰጠኋት። ማታ ስመለስ አኩርፋለች። «አንዲት ፈረንጅ ነች የምታነሳው፣ አልተግባባንም» አለችኝ። ምን ደወልሽ ስላት በቃሏ የምታውቀውን የእህቷን ቁጥር አነበበችልኝ፤ በ011 ይጀምራል። አየሽ፣ 011 አዲስ አበባ ላይ የከተማው ኮድ ነው። አሜሪካ ላይ ግን ወደ ውጭ አገር መውጫ ነው። መስመሩ «ውጭ አገር ልትደውል ነው» ብሎ ይጠብቃል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ግን የኢትዮጵያ ኮድ አይደለም፣ ፈረንጇ ትመጣለች። ትክክለኛው 011፣ ከዚያ 251፣ ከዚያ 11፣ ከዚያ ሰባቱ ቁጥሮች ናቸው። 78 ዓመት የኖረን ጣት ይኼን ላስተምር አትበይ። የአንደኛዋን አክስት ቁጥር 2 ላይ፣ የሁለተኛዋን 3 ላይ፣ ያንቺን ሞባይል 4 ላይ አስቀምጪ። ቁልፉን ይዛ ስትቆይ ይደውላል። ቁልፎቹ ላይ በፕላስተር ስማቸውን ጻፊ።

ያለ እሱ ግን ስልኩን እንዳትሰጫት የምለው አንድ ነገር አለ። 911 ሲደወል አምቡላንሱ የሚሄደው አቅራቢው ጋ በተመዘገበው አድራሻ ነው። ቤት ስትቀይሪ አድራሻው አብሮሽ አይሄድም። እኔ ራሴ ቤት ቀይሬ ለአምስት ወር ረስቼዋለሁ። ብዙ አቅራቢዎች ጋ 933 ስትደውይ የተመዘገበውን አድራሻ በድምፅ ያነብልሻል። ያንተ ቤት ብሎ የድሮውን አፓርትመንቴን ሲያነብልኝ እጄ ቀዘቀዘ።

ጥያቄ፦ «ሬስቶራንት አለኝ። በዋይፋይ ስልክ ነው ትዕዛዝ የምንቀበለው። ከኩሽና ወደ ሳሎን እየሄድኩ ሳወራ መስመሩ ይቆረጣል። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ድምፁ ይንተባተባል። ሁለት የዋይፋይ ማጠናከሪያ ጨምሬያለሁ።» — ከዋሽንግተን ዲሲ

ወንድሜ፣ ማጠናከሪያዎቹ ናቸው የሚቆርጡህ። ኩሽና ውስጥ ስልክህ አንዱን ይይዛል። ስትራመድ ምልክቱ እየደከመ እንኳን የሙጥኝ ይላል። ጨርሶ ሲጠፋበት ለቆ ሌላውን ይፈልጋል፤ ፓስወርድ ሰጥቶ እስኪገባ ደንበኛህ «ሃሎ? ሃሎ?» ብሎ ዘግቶታል። ማጠናከሪያዎቹን አውጣና በአንድ ስም የሚሠሩ፣ ርስ በርሳቸው የሚያውቁ የዋይፋይ ማሰራጫዎች አስገባ፤ ሜሽ የሚባሉት። ሴቲንጋቸው ውስጥ 802.11አር የሚባል ካለ አብራው፤ ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ቶሎ እንዲሻገር የሚያደርገው እሱ ነው። ስልኩም መደገፉን አረጋግጥ። ስልኩ የምልክት መጠን የሚያሳይ ገጽ ካለው፣ በምትቆምባቸው ቦታዎች ሁሉ ከ−67 ዲቢኤም እንዳይወርድ ተመልከት። −60 ጥሩ ነው፣ −75 መጥፎ ነው።

አንድ ቤት ልጠግን ሄጄ ስልኩን የት ነው ቻርጅ የምታደርጉት ብል ከትልቁ ፍሪጅ ጀርባ፣ ከማይክሮዌቩ አጠገብ አሳዩኝ። ማይክሮዌቭ የሚሠራው 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ ሽሮ በሞቀ ቁጥር መስመሩ ይጠፋ ነበር። ስልኩን 5 ጊጋኸርዝ ላይ ብቻ አድርጌ ከፍሪጁ አራቅኩት። የጠየቅኳቸው ምሳ ብቻ ነው።

የቅዳሜው ሌላ ነው። ስልክህና ደንበኞችህ አንድ ዋይፋይ ላይ ናቸው ብዬ እወራረዳለሁ። አንዱ የልደት ቪዲዮ ሲጭን ወደ ላይ የሚወጣውን መስመር ይሞላዋል፤ ያንተ ድምፅ ወረፋ ይጠብቃል። የእንግዳ ዋይፋይ ለየብቻ ክፈት፣ ፍጥነቱን ገድብ። የራውተሩን ደብሊው ኤም ኤም አታጥፋ፤ ድምፅን የሚያስቀድመው እሱ ነው። ይኼ ሁሉ ከሆነ በኋላ ካልተሻለህ ደውልልኝ፣ ዴክት እንገጥማለን።

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ወንድሜ ከአሜሪካ የዋይፋይ ስልክ ከነአካውንቱ ላከልኝ። እሱ ይሰማኛል፣ እኔ አልሰማውም። መብራት ሲጠፋም ስልኩ አብሮ ይሞታል። ዳታም የሚበላ ይመስለኛል።» — ከአዲስ አበባ፣ ጉለሌ

መምህር፣ አንድ ወገን ብቻ የሚሰማበት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የስልኩ ሳይሆን የራውተሩ ነው። ራውተርዎ ውስጥ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚባል አለ። ሊረዳ ብሎ ተሠርቶ የሚያበላሽ ነገር ነው፤ የድምፁን መመለሻ አድራሻ ይነካካል። ሰፈር ያለ ልጅ ጠርተው ያጥፉት፣ ራውተሩንም ስልኩንም አጥፍተው ያብሩ። ካልሆነ ስልኩ ላይ «ስተን» የሚለውን ያብሩ፤ ስልኩ ከውጭ የሚታይበትን አድራሻ የሚነግረው ሰርቨር ነው፣ የሰርቨሩን አድራሻ ከአቅራቢው ይጠይቁ።

ስለ መብራት ያሉት እውነት ነው። የድሮው ጥቁር ስልክ ኮረንቲ ቢጠፋም የሚሠራው ከጣቢያው 48 ቮልት በሽቦው ስለሚመጣለት ነበር። እኔ ምሰሶ ላይ በእርጥብ እጄ ቀምሼዋለሁ። የእርስዎ ስልክ ባትሪ አለው፣ ራውተሩ ግን የለውም። የራውተሩ ቻርጀር ላይ «12 ቮልት» የሚል ካለ ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ባትሪ ይግዙ፤ አምፔሩም ይመሳሰል። ከአሜሪካ የመጣው ቻርጀር ላይ ደግሞ «100–240» የሚል ይፈልጉ። 120 ብቻ ካለ 220 ላይ እንዳይሰኩት፣ ይጨሳል።

ዳታው። ስልኩ ድምፁን የሚያሽግበት ዘዴ (ኮዴክ ይባላል) «ጂ.711» ላይ ከሆነ ጥሪ በየአቅጣጫው ወደ 87 ኪሎቢት በሰከንድ ይወስዳል፤ የአንድ ሰዓት ወሬ ወደ 80 ሜጋባይት ነው። «ጂ.729» ካለው ወደ 30 ሜጋባይት ይወርዳል። ድምፁ ትንሽ ይጠባል፣ ወሬው ያው ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። ቁጥሩ የአሜሪካ ስለሆነ በዚህ ስልክ 907 ወይም 991 ቢደውሉ አዲስ አበባ ያለ አምቡላንስም ፖሊስም አያነሳም። ለዚያ ሞባይልዎን ይያዙ። ጎረቤት «እኔንም አስደውለኝ፣ ልክፈል» ቢል ደግሞ እሺ እንዳይሉ። በኢንተርኔት እያስደወሉ ገንዘብ መቀበል በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ የሚመለከተው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ «ዱባይ ነው የምሠራው። ይኼን ስልክ ገዝቼ ክፍሌ ላድርግ?»

እህቴ፣ አይሆንም። የተባበሩት ኤምሬትስ የኢንተርኔት ጥሪ የሚፈቅደው ለተፈቀደላቸው ኩባንያዎችና መተግበሪያዎች ብቻ ነው። ዋትሳፕ የማይደውልልሽም ለዚሁ ነው። የውጭ ሲፕ አካውንትም ያው ነው። እንደ ቦቲም ያሉት የተፈቀዱት ስማርት ስልክ ላይ ይሠራሉ። ገንዘብሽን ለዳታ አድርጊው።